የአናጢው ገመድ

ኦገስት 19፣ 1961። ባሕር ላይ፣ ወደ ሳንቶስ

ለግርማዊ ንጉሡ፣ ለመላው የኖርዌይ ሕዝብ፣ በሰባቱ ባሕሮች ለተበተኑ መርከበኞች ሁሉ፦ ከባድ የሐዘን ዜና አለና ተቀምጣችሁ ስሙ። የ«ሃቭሊን» መርከብ የመጨረሻ ኳስ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፋለች። ስድስት ወር ሙሉ በሠላሳ አራት ሰው እግር ስትረገጥ ኖራ፣ ሁለት ጊዜ በአናጢው እጅ ተሰፍታ፣ በመጨረሻ በራይዳር ግራ እግር ከመረቡ በላይ በርራ አትላንቲክ ገባች። አልሰጠመችም፤ የከፋውም ይኼ ነው። እየተንሳፈፈች ትንሽ ነጭ ነጥብ እስክትሆን ድረስ ቆመን ሸኘናት። ወጥ ሠሪው ኦድቫር ቆቡን አወለቀ።

ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ «ማነው የመታት?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ፣ ካፒቴን!» አልኩ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ፤ በዚያ ሰዓት ቀለም ቅብ ላይ ነበርኩ፣ ብሩሹም እጄ ላይ ነው። ግን በዚህ መርከብ ላይ ለሚጠፋው ጥፋት ሁሉ ተናዛዡ እኔ ነኝ። ሾርባው ጨው በዛበት? እኔ ነኝ። ጉም ወረደ? ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያወረድኩት። አምና ክረምት በቀልድ የጀመርኩት ነው፣ አሁን ልማድ ሆኗል። ካፒቴኑ እንኳ ዝናብ ሲመጣ «ዩስታይን፣ ተው እንጂ!» ይላል።

ኦገስት 21

ኳስ የለም ማለት የዘንድሮን የኖርዌይ መርከቦች የስፖርት ሳምንት በአሎሎና በሩጫ ብቻ ልንወጣው ነው ማለት ነው። የሞተር ክፍሉ ራይዳር ደስ ብሎታል። በእግሩ ኳሷን ገደለ፣ በእጁ ደግሞ አሎሎ ወርውሮ ስም ሊያወጣ ነው። ቁርስ ላይ በዳቦ ሳይቀር አሳየን።

«አሥራ አንድ ሜትር! ዘንድሮ አሥራ አንድ ካላለፍኩ ጢሜን በኦድቫር ቢላ ላጩኝ» አለ።

«ቢላዬን አታርክስብኝ» አለ ኦድቫር።

የዚህ ውድድር ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ተጋጣሚህን አታየውም። አንዱ መርከብ ሲድኒ ላይ ይሮጣል፣ አንዱ ሂውስተን ላይ ይወረውራል፣ እኛ ሳንቶስ ላይ። ልኩን ሁለት ሰው ይፈርምበታል፣ በቴሌግራም ኦስሎ ይገባል፣ እዚያ ያሉት ደምረው ቀንሰው ማን ማንን እንደበለጠ ይነግሩሃል። አናጢውን ኢንግቫልድን ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ ግማሽ ሜትር ብንጨምርበት ማን ያየናል?»

«ማንም አያይህም።»

«እንግዲያውስ?»

«ሌሎቹንም ማንም አያያቸውም» አሉና መላጊያቸውን ቀጠሉ።

አናጢው ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዚህ መርከብ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት። በየማለዳው በየታንኩ ያለውን ውኃ በዘንግ ይለኩና ቁጥሩን ለመኮንኑ ይነግሩታል። መኮንኑ ቀና ሳይል ይጽፋል። አናጢው አሉ ማለት አለቀ። የስፖርቱንም ልክ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፣ በገዛ እጃቸው በገመዱት ሃያ ሜትር ገመድ። በየአምስት ሜትሩ ቆዳ ተሰፍቶበታል፤ ትርፉን በታጣፊ ሜትራቸው ይጨርሱታል። ያንን ገመድ ማንም አይነካውም።

ኦገስት 27

ዛሬ ትልቅ ቀን ነው፣ ቀልድ አይደለም። ከጸደይ ጀምሮ አናጢው ገመድ መቀጠል እያስተማሩኝ ነው። ቋጠሮ የለውም፤ ጫፎቹን ትፈታለህ፣ በእንጨት ወስፌ ቀዳዳ እየከፈትክ ክሩን በክሩ ውስጥ ትሰካለህ፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እስከ ዛሬ የሠራሁትን ሁሉ አይተው «ይኼ ቅጥያ ነው ወይስ የአይጥ ጎጆ?» ነበር የሚሉት። ዛሬ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ገመዱን በሁለት ጣታቸው መካከል አሳለፉት፣ ደግመው አሳለፉት።

«የቱ ጋ ነው የቀጠልከው?» አሉ።

ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሄጃለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ኮፍያቸውን ሰርቄ ሮጥኩ።

ሴፕቴምበር 3

ሥራው ተሠራ! እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ራይዳር ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አሎሎ፣ አሎሎ፣ አሎሎ። ሃውገሱንድ ላለችው ፍቅረኛው ለቶሩን ገና ሳይወረውር ጽፎላታል። ስለዚህ አሰብኩ። ሃሳቡ እንዲህ ነው፦ ይወረውራል፣ አሥራ አንድ ተኩል ይባልለታል፣ ራሱ ሰማይ ይነካል። እራት ላይ እኔ ብድግ ብዬ ከመለኪያው የተቆረጠችውን ቁራጭ ገመድ ከኪሴ አወጣና ሾርባው ውስጥ እጨምርለታለሁ። «እንካ፣ ጀግናው፣ ትርፍህ ይኸውልህ!» እላለሁ። ሰው ሁሉ በሳቅ ይሞታል። አናጢው ይቆጡኛል፣ ከዚያ እሳቸውም ይስቃሉ።

አናጢው ታንክ ሊለኩ ሲወርዱ ገመዱን ከሥራ ክፍላቸው አወጣሁ። በአምስቱና በአሥሩ ሜትር ቆዳ መካከል ስልሳ ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩና ጫፎቹን ቀጠልኳቸው፤ ቅጥያው ራሱ አሥር በላ። በድምሩ ሰባ። ዝፍት ቀባሁት፣ በመዳፌ አሸሁት፣ አሮጌ አስመሰልኩት። ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረው ይኼ ነው። የሚያይልኝ ሰው አለመኖሩ ትንሽ ከፋኝ።

ሴፕቴምበር 9። ሳንቶስ

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፣ ሰዎቹ ከተማ ሊወጡ ነው። ሙቀት። የቡና ጆንያ ሽታ። ውድድሩ ከወደቡ ጠርዝ ላይ፣ በሁለት ክሬን መካከል። የብራዚል ጫኝ አውራጆች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ራይዳር 11 ሜትር ከ62! እንደ በሬ ጮኸ፣ አናጢውን አንሥቶ አሽከረከራቸው። «አውርደኝ አንተ ጅል፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል!» ይላሉ።

ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር። የስልሳ ሜትሩንም ሩጫ በዚያው ገመድ ነው የለኩት፣ ሦስት ጊዜ ዘርግተው። ሦስት ጊዜ ሰባ! ሁሉም ሰው ፈጠነ። ኦድቫር እንኳ፣ ያንን ሆድ ይዞ! ካፒቴኑ ሸሚዙን አውልቆ ሮጠና ከሃያ ዓመት ወዲህ ያልሮጠውን ሮጠ። መኮንኑ ሰዓቱ የተበላሸ መስሎት ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።

አናጢውም ሮጡ። 10 ሰከንድ ከ2። ጉልበታቸውን ይዘው እያለከለኩ «ገና ነኝ ማለት ነው» አሉ፤ ለራሳቸው ነው ያሉት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

ሴፕቴምበር 10

እራት ላይ አልተናገርኩም። ቁራጯ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ልነሳ ስል ካፒቴኑ ገብቶ ቴሌግራሙ ኦስሎ ሄዷል አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አጨብጫቢ መካከል ማን ይነሳል? ነገ።

ሴፕቴምበር 11

ነገ።

ሴፕቴምበር 13

ራይዳር አዲሱን ደብዳቤ ለቶሩን ከመላኩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። ጡጫው የእኔን ራስ ያህላል። ቁራጯን ገመድ ከኋላ ወደ ባሕር ወረወርኳት። ከዚህ በኋላ ይህን ነገር የሚያውቅ እኔና ይህ ደብተር ብቻ ነን። ደብተሩ አፍ የለውም፤ እኔ ደግሞ አፌ ብዙ ስለሆነ የሚሰማኝ የለም።

ሴፕቴምበር 26። ቦነስ አይረስ

ቴሌግራም መጣ። «ሃቭሊን» ከመርከቦቹ ሁሉ ሁለተኛ! አሎሎ ውርወራ ላይ ራይዳር አንደኛ! ካፒቴኑ ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ጠርሙስ ቢራ አወጣ። ለአናጢው ሦስት፤ «ልኩን ለያዘው» ብሎ። አናጢው ሦስተኛውን ለእኔ ሰጡኝ።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ኦክቶበር 3። ቦነስ አይረስ

ይህን ሁሉ ዛሬውኑ ልጽፈው፤ ነገ የምጽፈው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አጠገባችን «ቶርስኔስ» የምትባል የአገራችን መርከብ ቆማለች። ልጆቿ የአሎሎውን ዝና ሰምተው ውድድር ጠሩን። የመርከበኞቹ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሣር አለው፤ ቄሱ ዋፍል ጋገረልን፣ ከቢሮውም የብረት ሜትር አመጣ። ራይዳር ንጹሕ ካናቴራ ለብሶ፣ ጸጉሩን በውኃ አጣብቆ ወጣ።

10 ሜትር ከ88።

«ማሞቂያ ነው» አለ።

10 ከ91። 10 ከ79።

ከ«ቶርስኔስ» አንዱ ቀጭን ልጅ አፉ ስለታም ነው። «ወንድሜ፣ የሳንቶሱ አሎሎ ከፍየል አይብ የተሠራ ነበር እንዴ?» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «አይደለም፣ ሳንቶስ ላይ ምድር ትጠብባለች!» ሁሉም ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ራይዳር ቀጭኑን ልጅ በአንገትጌው ያዘው። «ሌባ ነህ የምትለኝ? በል ድገመው!» ቄሱ የዋፍል ሳህኑን እንደያዘ መካከላቸው ገባ።

ያኔ አናጢው ተነሡ።

«ሰውየውን ተዉት። ወርዋሪው እሱ ነው፣ የለካሁት ግን እኔ ነኝ። ዩስታይን፣ ሮጠህ ገመዴን አምጣልኝ።»

እኔን ላኩኝ። ሮጥኩ። መንገድ ላይ ወንዙ ውስጥ ልጣለው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ቢጠፋ ይብሳል ብዬ ተውኩት። አምጥቼ ሰጠኋቸው።

ገመዱንና የብረት ሜትሩን ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። አንዱን ጫፍ ቄሱ ያዘ። ሃያ መሆን ያለበት አሥራ ዘጠኝ ከሠላሳ ነበር።

አናጢው ተንበርክከው ገመዱን ከጫፉ ጀምረው በጣታቸው ዳሰሱ። አሥር ሜትር ሳይደርሱ ቆሙ። አገላበጡት። ቀና ብለው በቀጥታ እኔን አዩኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«መነጽሬን አቀብለኝ» አሉ።

አቀበልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ የእኔ እጅ ነው። ቀጥዬዋለሁ። ቆርጬ ቀጥዬዋለሁ» አሉ። ቀጥሎ ቀስ ብለው፣ አንድ ሰው መልሱን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ «መቼ ነው የቀጠልኩት?» አሉ።

እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። የኔን ቅጥያ የራሳቸው መሰላቸው። ሁለተኛው ነገር የተሰማኝ ወዲያው ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም። አፌን ከፈትኩ። ራይዳር ጡጫውን እንደጨበጠ ቆሞ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

አናጢው ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና ወደ «ቶርስኔስ» ሰዎች ሄዱ። ለያንዳንዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ውጤታችን ሁሉ ይሰረዛል። ልጆቼ አልዋሹም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» አሉ። ራይዳር ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ሄዶ አለቀሰ። ኦድቫር ነው የነገረኝ። እኔ አላየሁም፤ ሌላ ቦታ ሥራ ነበረኝ።

ኦክቶበር 4

ካፒቴኑ ለኦስሎ ቴሌግራም አደረገ፦ በመለኪያ ስሕተት ምክንያት የ«ሃቭሊን» ውጤት ይሰረዝ። ልነግረው ወደ ላይ ወጥቼ ነበር። በሩ ተዘግቶ ነበር። አላንኳኳሁም። በተዘጋ በር ሰው መረበሽ ነውር ነው።

ኦክቶበር 5

ዛሬ ደግሞ በሩ ክፍት ነበር። ግን ሰው ነበረው።

ኦክቶበር 11። ባሕር ላይ፣ ወደ አንትወርፕ

አናጢው ታንኮቹን ሁለት ሁለት ጊዜ እየለኩ ነው። ማዕበል አለ፣ መርከቧ ትንከባለላለች፤ እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ማለቱ የሁልጊዜ ነገር ነው። ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ዛሬ ግን ሦስተኛውን ታንክ ለክተው 84፣ ደግመው 81 ሲያገኙ ዘንጉን ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

«የቱ ነው ልክ?» አሉኝ።

«ሁለቱም ነው አናጢ። መርከቧ እየተንከባለለች እኮ ነው።»

«አዎ። አዎ፣ እውነትህን ነው» አሉ። «ክዳኑን መልሼዋለሁ?»

እጃቸው ክዳኑ ላይ ነበር።

ኦክቶበር 13

ኦድቫር መመገቢያ ክፍል ውስጥ ለመኮንኑ ሲያወራ ሰማሁ። «ሽማግሌው ትናንት ቁርስ በልቻለሁ ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ቀልዱን መሰለኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።» መኮንኑ ዛሬ አናጢው ቁጥር ሲነግሩት ቀና ብሎ አያቸው። አሥራ አንድ ዓመት ቀና ብሎ አያውቅም ነበር። እሳቸውም ቀና ማለቱን አዩ።

ራይዳር አናጢውን አያነጋግራቸውም። እኔን ግን ያነጋግረኛል። ሲጋራ ሰጠኝ።

ኦክቶበር 15

በሥራ ክፍላቸው ተቀምጠን መቅዘፊያ ስንልግ፣ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«እናቴን መርሳት ሲጀምራት በትንሽ ነገር ነው የጀመራት። መቀስ የት አስቀመጥኩ፣ በሩን ቆለፍኩ ወይ። በኋላ እኔን "አንተ የማን ልጅ ነህ? ጨዋ ትመስላለህ" ትለኝ ነበር።» መላጊያውን አቆሙ። «ሞት አይደለም የፈራሁት። አናጢ ነኝ። እኔ ደረቅ ነው ብዬ ታንኩ ውስጥ ውኃ ቢኖርስ? ሠላሳ አራት ሰው እኮ ነው በእኔ ቃል የሚተኛው። የቀጠልኩትን ገመድ ካላስታወስኩ ሌላስ ምን ረስቻለሁ?»

«ምንም አልረሱም» አልኩ።

«አንተ በምን ታውቃለህ?»

በምን እንደማውቅ ልነግራቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ የቡና ደወል ተደወለ። ደወሉ ባይደወል ኖሮ እነግራቸው ነበር። ይመስለኛል።

ኦክቶበር 18

አንትወርፕ ላይ ሊወርዱ ነው። ራሳቸው ካፒቴኑ ዘንድ ወጥተው «ከእንግዲህ በእኔ ቁጥር መርከብ አይታመንም» አሉት። ኦድቫር ነገረኝ። ለእህታቸው ለቦርግሂልድ ቴሌግራም አድርገዋል። መርከቧ ላይ ሊቆዩ ያሰቡት ገና አራት ዓመት ነበር፤ ጡረታቸው ደርሶ፣ በክብር፣ በሸኚ።

ዛሬ ቀልድ አልቀለድኩም። ሰው ሁሉ «ዩስታይን አሞሃል?» ይላል።

ኦክቶበር 19

ነገርኳቸው። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ ነገርኳቸው ብዬ ራሴን እንዳላታልል።

በሩን ዘግቼ ቆምኩ። «አናጢ፣ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። ከቦነስ አይረስ ወዲህ የመጀመሪያው ፈገግታ ነው።

«ኳሷንም የመታሃት አንተ ነህ» አሉ።

«የእውነቴን ነው።»

«ጉሙንም አንተ ነህ ያወረድከው።»

«አናጢ፣ በእግዜር! ራይዳርን ላሾፍበት ብዬ ነው። በሴፕቴምበር ሦስት፣ እርስዎ ታንክ ሲለኩ። ስልሳ ቆረጥኩ፣ ቅጥያው አሥር በላ።»

«ሰባ መጉደሉን ሰው ሁሉ አይቷል። ቁራጩ የታለ?»

«ባሕር ውስጥ ጣልኩት።»

«አየህ?»

ወስፌውን ከጠረጴዛቸው አንሥቼ፣ ገመድ ቆርጬ፣ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ቀጠልኩ። አማረ። ተቀብለው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አሳለፉት።

«ጥሩ ነው። ቁርጥ የእኔን ይመስላል» አሉ። «ያስተማርኩህ እኔ፣ ታዲያ የማንን ሊመስል ኖሯል?»

ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «ዩስታይን፣ ብዙ ዋሽተሃል። እንዲህ ያለ ደግ ውሸት ግን ዋሽተህ አታውቅም። ውለታህን አልረሳውም» አሉ። «አልረሳውም» ያሏት ቃል ራሳቸውን አስደነገጠቻቸው መሰለኝ፤ ወደ እንጨታቸው ዞሩ።

ኦክቶበር 20

ካፒቴኑ ዘንድ ገባሁ፤ አንኳኩቼ ነው የገባሁት። ሁሉን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ልብህ ጥሩ ነው፣ ልጅ» አለ። «ሽማግሌው አንተን እንደሚወድህ አውቃለሁ። ግን በዚህ መርከብ ላይ ያልተናዘዝክበት ነገር የቱ ነው? አሁን ሦስተኛ ቴሌግራም ብልክ ኦስሎ ያሉት ሰክረናል ነው የሚሉን። ሰውየው በሰላም ይውረድ።»

ለኦድቫር ነገርኩት። ድንች እየላጠ «እህ፣ የትናንቱን ሾርባስ ያሳረረው ማነው?» አለኝ።

ለራይዳርም ነገርኩት፤ ይምታኝ ብዬ። ቢመታኝ ያምነኛል ማለት ነው። አልመታኝም። «አንተ ከእኔ የተሻልክ ሰው ነህ። እኔ ሽማግሌውን አኮረፍኩ፣ አንተ ጥፋቱን ልትሸከምለት ትሞክራለህ» አለ። ሄዶ አናጢውን ይቅርታ ጠየቃቸው። ተቃቅፈው አየኋቸው።

ኦክቶበር 27። አንትወርፕ

ወረዱ።

ሳጥናቸውን እኔና ራይዳር ተሸከምን። ከመሰላሉ አጠገብ ቆመው አንድ በአንድ ጨበጡን። እኔ ዘንድ ሲደርሱ «ለመኮንኑ ነግሬዋለሁ» አሉኝ። «አዲሱ አናጢ እስኪመጣ ታንኮቹን አንተ ትለካለህ። ዓይንህ ያያል፣ ራስህም ገና ነው። ሁለቴ ለካ። ቀልድህን ከታንኩ አጠገብ አታምጣ።»

«እሺ» አልኩ።

መሰላሉን ወርደው ግማሽ መንገድ ሲደርሱ አንድ ነገር ገፋኝና «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ! አናጢ፣ እኔ ነኝ!»

ወደቡ ላይ የነበሩት የእኛ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እሳቸውም ዞረው፣ እየሳቁ፣ ኮፍያቸውን አወዛወዙልኝ።

ኖቬምበር 14

አዲሱ አናጢ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ የብረት ሜትር አለው፤ ያፏጫል። ዘንጉን አስረከብኩት። አሥራ ስድስት ቀን ለካሁ፣ ሁለቴ ሁለቴ። መኮንኑ የእኔን ቁጥር ቀና ሳይል ይጽፍ ነበር። «ቀና ብለህ እየኝ እንጂ» ብዬ ልነግረው አሰብኩ። የሆነ ቀልድ ነው ብሎ ይስቃል።

ገመዱ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር። አዲሱ ሰውዬ ልብስ ማስጫ አደረገው።

ዲሴምበር 16። ባሕር ላይ

ትናንት ላስ ፓልማስ ላይ ፖስታ ተቀበልን። ከአናጢው ለእኔ ካርድ መጣልኝ። ጽሕፈታቸው ቀጥ ያለ ነው፣ በማስመሪያ እንደተጻፈ። እገለብጠዋለሁ፦

«ዩስታይን። ደኅና ነኝ። ቦርግሂልድ በደንብ ታበላኛለች። በየቀኑ ከቤት እስከ ጀልባ ማሰሪያው እሄዳለሁ፤ ራሴን ለመፈተን የአጥሩን እንጨቶች እየቆጠርኩ። ትናንት 214 ነበሩ። ዛሬ 213። ለእህቴ ነገርኳት። አሁን ሁሉን ነገር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ቡና መጠጣቴንም። ሁለቴ ለካ። ኢንግቫልድ።»

አንዱ እንጨት በነፋስ ወድቆ ይሆናል። እዚያ በዲሴምበር የሚነፍሰው ነፋስ አጥር ቀርቶ ጣራ ያነሣል። እንደዚያ ብዬ ጻፍኩላቸው። ከታች ደግሞ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቢላው የማን እንደነበር ሳይቀር ጻፍኩ። ሳነበው የእኔው ቀልድ ይመስላል። ፖስታው ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ የሚቀጥለው ወደብ ላይ እልከው ይሆናል።

የኦስሎውም ዝርዝር አብሮ ደርሷል። ከእኛ መርከብ ስም ፊት ለፊት ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ማንም አልተናደደም። ኦድቫር ገጹን ገልብጦ የዓሣ ቅርፊት ጠቀለለበት። «ስለዚያ አሎሎ እስካሁን ታስባለህ እንዴ?» አለኝ። ራይዳር የቶሩን ፎቶግራፍ ደርሶታል፤ ስንት ሜትር እንደወረወረ ጭራሽ አልጠየቀችውም።

እውነታቸውን ነው። ሰው አልሞተም፣ መርከብ አልሰጠመም። አንድ ሽማግሌ ከጊዜው አራት ዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጣ፤ ሽማግሌ ጡረታ ይወጣል። ይህን ሁሉ ገጽ መፍጀቴ ራሱ ያሳፍራል። ከክንድ ብዙም የማትበልጥ ቁራጭ ገመድ ናት። ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፣ በጣም ትንሽ ነገር።